በአንድ እንቆቅልሽ ምክንያት ትምህርት ልቀይር?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነሽ። ሒሳብ ከልጅነትሽ ጀምሮ ያስፈራሻል፤ ውጤትሽም ብዙም አያኮራም ነበር። በቅርቡ ግን አንድ እንቆቅልሽ ያዘሽ። 64 ካሬ ካለው የቼዝ ሰሌዳ ላይ በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት የጥግ ካሬዎች ተቆርጠዋል። እያንዳንዱ ዶሚኖ (ሞላላ ጠፍጣፋ መጫወቻ) ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ካሬዎች ቢሸፍን፣ በ31 ዶሚኖ የቀሩትን 62 ካሬዎች መሸፈን ይቻላል? ስትሞክሪ አመሸሽ። መልሱ ሲገባሽ ደስታው እንቅልፍ ነሳሽ። አሁን ትምህርቴን ልቀይር ወይ ትይኛለሽ።

ለጊዜው አትቀይሪ። ደስታሽን ግን እንዲሁ አትለፊው።

ምን እንዳደረግሽ ልብ በይ። የተቆረጡት ሁለት ጥጎች ቀለማቸው አንድ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ቀለም 30፣ ከሌላው 32 ካሬ ይቀራል። ዶሚኖ ደግሞ የትም ብታስቀምጪው አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ነው የሚሸፍነው። አይቻልም፤ አለቀ! አደራደሮቹን አንድ በአንድ ሳትሞክሪ፣ ማንም መቼም እንደማይችል አወቅሽ። ይህ የእውነት ሒሳብ ነው። ፈተና ብዙ ጊዜ የሚለካው የተማርሽውን ቀመር በተሰጠሽ ሰዓት መጠቀምሽን ነው። አንቺን ያስደሰተሽ ግን ምክንያቱን ራስሽ ማግኘትሽ ነው። ስለዚህ የድሮ ውጤትሽ በዚህ ጉዳይ ላይ ይወስንብሽ ዘንድ አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ። እንቆቅልሽ የሚሰጥሽ ሰው መልስ እንዳለው ያውቃል። ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። መረጃው ይጎድላል፣ ጥያቄው ራሱ በየሳምንቱ ይቀየራል፣ አንዳንዴም የሚበቃ መልስ ይዘሽ ማስረከብ ይኖርብሻል። ይህንንም መውደድሽን ገና አላየሽም።

ደግሞ ከአካውንቲንግ ያን ያህል መራቅ ላያስፈልግሽ ይችላል። ከሰሌዳው ላይ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ካሬ ከየትም ቢቆረጥ፣ የቀረው ሁልጊዜ በዶሚኖ እንደሚሸፈን ያረጋገጠው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ራልፍ ጎሞሪ ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ከፖል ጊልሞር ጋር አንድ ዘዴ አሳትሟል። ፋብሪካ መደበኛ ርዝመት ያለውን ጥሬ ዕቃ የታዘዘለትን መጠን ሁሉ በሚያወጣ መልኩ፣ በትንሹ ወጪ እንዴት እንደሚቆርጥ የሚያሰላ ነው። እንዲህ ያሉ የሥራ ውሳኔዎችን በሒሳብ የሚያጠናው ዘርፍ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ይባላል። ወጪ ማስላት የሚያውቅ ሰው እዚያ በጣም ይፈለጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ጨምሪ፤ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ወይም ዲስክሪት ማቲማቲክስ (እንደ ሰሌዳው ካሬዎች ተነጣጥለው የሚቆጠሩ ነገሮችን የሚያጠና ሒሳብ)። ከተቻለ መጀመሪያ መምህሩን አነጋግሪው። ጎን ለጎን ኤክሴል ላይ ያለውን ሶልቨር (በተሰጠው ገደብ ውስጥ የተሻለውን መልስ የሚፈልግ መሣሪያ) ተለማመጂ፤ ከወጪ ሒሳብ መጽሐፍሽ አንድ ጥያቄ ወስደሽ ትርፉ ከፍ የሚልበትን አመራረት ፈልጊበት።

እስከዚያው የጎሞሪን ማረጋገጫ ሳታነቢ ራስሽ ሞክሪው። መልሱ እምቢ ሲልሽም ወደ ጥያቄው የምትመለሺ ከሆነ፣ ከፈተና ውጤትሽ ይልቅ እሱን አምናለሁ። መልሱን ማወቅ ብቻ ከሆነ የሚያስደስትሽ፣ እንቆቅልሽ መዝናኛሽ ይሁን፤ እሱም አይናቅም። ፍንጭ ካስፈለገሽ፣ ከካሬ ወደ ጎረቤት ካሬ እየሄድሽ 64ቱንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጠሽ ወደ መነሻሽ የምትመለሺበትን መንገድ ሳይቆረጥ ባለው ሰሌዳ ላይ አስምሪ። ከዚያ ሁለቱን ካሬዎች ከመንገዱ ላይ አንሺ።