ናዳው ላይ የበቀለችው ጥቁር ዴዚ

ጥያቄው የመጣው በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ በካንተርበሪ ተራሮች ላይ ሜሪኖ በጎች ከሚያረቡ ገበሬ ነው። ከግጦሹ በላይ ሰፊ የድንጋይ ናዳ፣ ማለትም ስብርባሪ ድንጋይ የተከመረበት ተዳፋት፣ አለ። በድንጋዩ መሀል ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስል አበባ ያላት ትንሽ ተክል አይተዋል። «ናዳው ሣር እንዲይዝ ማዳበሪያና የክሎቨር (የከብት መኖ ተክል) ዘር ልበትንበት? ተክሏንስ ነቅዬ ግቢዬ ብተክላት ትጸድቃለች?» ይላሉ።

ማዳበሪያውንም ዘሩንም ይተዉት። ተክሏንም አይንቀሏት።

እንደ ገለጻዎ ከሆነ ሌፕቲኔላ አትራታ ናት። የኑግና የአደይ አበባ ዘመድ ስትሆን፣ ዙሪያዋን የሚከቡ ሰፋፊ የአበባ ቅጠሎች ስለሌሏት ብዙ ሰው ዴዚ (የዚሁ የአደይ አበባ ቤተሰብ አበባ) መሆኗን አያውቅም። በተፈጥሮ የምትገኘው እዚያው ደቡብ ደሴት፣ ተራራ ላይ፣ ናዳ ውስጥ ነው። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይነግርዎታል፦ ከናዳ ጋር እንዲህ የተላመደ ተክል ካለ፣ ናዳው የትናንት ጥፋት አይደለም ማለት ነው። ግሬይዋክ የሚባለው አለት ስንጥቅ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ በውርጭ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ድንጋዩን ይፈረካክሰዋል፣ ስብርባሪውም ወደ ታች ይንሸራተታል። በእሳትና በግጦሽ ብዛት የተራቆተ ቦታ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ግን እንዲህ ያለው ቦታ ዳር ዳሩ ላይ የተቆረሰ አፈርና የሣር ጉቶ ይታያል።

ናዳው ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ድንጋዩን ገለጥ ቢያደርጉት ግን ከሥሩ እርጥብ ደቃቅ አፈር ያገኛሉ፤ የላዩ ድንጋይ ፀሐይና ነፋስ ስለሚከልልለት እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። ተክሏ የምትኖረው በዚህች እርጥበት ነው። ድንጋይ ተንሸራቶ ቢቀብራት እንኳ ከመሬት በታች ካለው ግንዷ እንደገና ታቆጠቁጣለች። ክሎቨር ግን በሚንቀሳቀስ ድንጋይ ላይ ብዙም አይቆይም፣ ገንዘብዎን ነው የሚበትኑት። ቢይዝም ብርሃኑንና ያቺኑ እርጥበት ይሻማታል። ደግሞ መሬቱ ከመንግሥት በግጦሽ ኪራይ የያዙት ከሆነ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ዘር ለመዝራትም ሆነ ማዳበሪያ ለመበተን ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በጎቹን በተመለከተ፣ ናዳው ላይ የሚረባ መኖ የለም፤ የሚያደርሱት ጉዳት ሲያቋርጡት መርገጣቸው ነው። በሚንሸራተት ድንጋይ ላይ አጥር አይቆምም፣ ስለዚህ ካጠሩ ከታች ሣሩ ላይ ይጠሩ። ጨዉንም ከናዳው ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። በግ ጨው ወዳለበት ነው የሚሄደው።

ግቢዎ ውስጥ ካላየኋት ካሉ በዘር ይሞክሩ። መሬቱ የጥበቃ ክልል ከሆነ ያለ ፈቃድ ምንም አይልቀሙ። የእርስዎ ከሆነ የበሰለ ዘር በጥቂቱ ይውሰዱ፣ ሳይቆይ ይዝሩት፣ አብዛኛው ጠጠር በሆነ አፈር ላይ፣ ፍግ ሳይነካው። ክረምቱን ውጭ ብርድ ላይ ይተዉት። ከበቀለች በኋላ አንገቷ ዙሪያ ጠጠር ያልብሷት፣ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ተክሎችን ቆላ ላይ በብዛት የሚገድላቸው አንገታቸው ላይ የሚተኛ ውሃ ነው። ሙቀትም አትወድም።

አሁን ጉልበትዎን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ጥድ። በዚያው አካባቢ፣ በክሬጊበርን ተራሮች፣ ድሮ መሬቱን ይይዛል ተብሎ ፓይነስ ኮንቶርታ የሚባል ጥድ ተተክሎ ነበር። ዘሩ በነፋስ ሄዶ ተራራውን ወረረው፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሪቱ በብሔራዊ ፕሮግራም እያጠፋችው ነው። ናዳው ዳር ትንሽ ጥድ ካዩ ፍሬ ሳያፈራ ከነሥሩ ይንቀሉት። አድጎ ከሆነ ከመሬት እኩል ይቁረጡት፤ ከቆረጡበት በታች አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ብትቀር እንደገና ያቆጠቁጣል።