ቆሞ የሚሠራ ሞተርና የሚጨምር ዘይት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሠራተኛ ሰርቪስ የምሠራበት አባዱላ አለኝ። ሞተሩ 2.5 ሊትር ናፍጣ፣ ባለ ተርቦ ነው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት አሞቀዋለሁ፤ ሠራተኞቹን ስጠብቅም ሞተር አላጠፋም። ሲደመር በቀን 4 ሰዓት ያህል ቆሞ ይሠራል። የምነዳው ግን 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዘይት ሁልጊዜ በ5,000 እቀይራለሁ። አሁን 3,000 ሳይሞላ ዘይቱ ቀጠነ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ በዘይት መለኪያው ዘንግ ስለካው ደግሞ ከሞላሁት በላይ ወጥቶ አገኘሁት። የሸጡልኝ ዘይት የተጭበረበረ ይሆን? ወይስ ሞተሩ ዘይት አይበላም ማለት ነውና ደስ ይበለኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትደሰት። ዘንጉ ላይ የጨመረው ዘይት ሳይሆን ናፍጣ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትህ በፊት ዘይቱንም ፊልትሮውንም አስቀይር። የጨመረውን ብቻ ቀንሰህ መንዳት አይሆንም፤ የቀረውም ያው የቀጠነ ነው። በወፍራም ዘይት ላካክሰው ብለህም አታስብ፤ ያ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

የዘይቱን ሻጭ ከመጠርጠርህ በፊት አሠራርህን እንይ። ናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር፣ ቆሞ ሲሠራ ራሱን ማሞቅ ያቅተዋል። የሚረጨው ናፍጣ ጥቂት ነው፣ የሚስበው ቀዝቃዛ አየር ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የሲሊንደሩ ግድግዳ አይግልም፤ ከሚረጨው ናፍጣም ጥቂቱ ሳይነድ ግድግዳው ላይ ይቀራል። የፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ያንን ጠርጎ ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ያወርደዋል። ፋሻ ደግሞ ግድግዳውን አጥብቆ የሚይዘው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ከላይ የሚነደው ጋዝ ከጀርባው ገብቶ ይገፋዋል። ሚኒሞ ላይ ያ ግፊት ደካማ ስለሆነ ጋዙም፣ ጥላሸቱም፣ ናፍጣውም በፋሻው ጎን እያለፉ ይወርዳሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ የሚፈጥረው ሙቀት ያንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት መኪናህ ስትነሳ የምታየው ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው። አንተም ሞተሩን የምታሞቀው በዚያ ሰዓት ነው!

ሌላው ውኃ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይወጣዋል። ሞተር ሲግል እንፋሎት ሆኖ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይወጣል፤ ዘይቱ ካልጋለ ግን በፋሻው ያለፈው እንፋሎት እዚያው ወደ ውኃ ይመለሳል። ከነዳጁ ድኝ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው መከላከያም አሲዱን ሲታገል ያልቃል። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና ከሥሩ እይ። ቡና በወተት የመሰለ ዝልግልግ ነገር ካለ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። የራዲያተርህ ውኃም አብሮ እየቀነሰ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይታይልህ።

የቀጠነ ዘይት የሚጎዳው ብሮንዚንን፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ስስ የብረት ሽፋን፣ ነው። ሚኒሞ ላይ የዘይት ፓምፑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ግፊቱ ያለዚያም ዝቅ ያለ ነው። በዚያ ላይ ዘይቱ በናፍጣ ሲቀጥን ብረትና ብረትን የሚለየው ስስ ሽፋን ይሳሳል። የወረዱ ሞተሮችን ስፈታ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ረጅም መንገድ የሠራ ሞተር ሲፈታ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ ቆሞ የኖረው ግን ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ በጥቁር ጭቃ ተሞልቶ ይገኛል።

አሁን ወደ 5,000ህ እንምጣ። በቀን 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 5,000 የሚሞላው በ83 የሥራ ቀን ነው። በቀን 4 ሰዓት ቆሞ ሲሠራ 332 ሰዓት ይሆናል። ስልሳዋን ኪሎ ሜትር በከተማው መጨናነቅ በ3 ሰዓት ብትጨርሳት ሌላ 249 ሰዓት ትጨምራለህ። በጠቅላላው ሞተሩ በአንድ ዘይት ወደ 580 ሰዓት ይሠራል። የግሬደርና የሎደር ኦፕሬተሮችን ጠይቃቸው፤ እነሱ በኪሎ ሜትር አይቆጥሩም፣ ብዙ ማሽኖች በየ250 ሰዓቱ ዘይት ይቀየርላቸዋል። ፎርድ በትላልቅ የናፍጣ ፒክአፖቹ መመሪያ ውስጥ ቆሞ የሠራን 1 ሰዓት ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ ጋር ያስተካክለዋል። በዚያ ስሌት ያንተ 332 ሰዓት ከ13,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ግማሹን ብቻ ብንቀበል እንኳ በ5,000 የቀየርከው ዘይት ከ11,000 በላይ የተነዳበት ነው። ዳሽቦርዱ ያንን አይነግርህም። ቶዮታም በጥገና መመሪያዎቹ ታክሲንና ለረጅም ጊዜ ቆሞ የሚሠራን መኪና ዘይቱ ቶሎ ከሚቀየርለት ወገን ይመድበዋል።

ስለዚህ አንድ ደብተር መኪናው ውስጥ አስቀምጥና የሞተሩን ሰዓት መዝግብ። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን በ250 ሰዓት ወይም በ3,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው እቀይር ነበር።

ከዚያ የማሞቁን ነገር ተው። አስነሳ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ ጠብቅ፣ ከዚያ በለስላሳው እየነዳህ ውጣ። ሞተር የሚሞቀው ሲሠራ ነው፤ የሙቀት መለኪያው መሐል እስኪደርስ ብቻ አታስጩኸው። ሠራተኞች ስትጠብቅ ከ2 እና ከ3 ደቂቃ በላይ ከሆነ አጥፋው። ሞተሪኖዬ (ማስነሻው) ያልቃል ብለህ የምትሰጋ ከሆነ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ተጨማሪ ማስነሳት ጤነኛ ሞተሪኖና ባትሪ ያለውን መኪና አይጎዳም። ባትሪህ ካልቻለ ባትሪውን ቀይር፤ ለደከመ ባትሪ ተብሎ ሞተር አይገደልም። ደግሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ናፍጣ ቆመህ ታቃጥላለህ፤ በ26 ቀን ከ52 እስከ 104 ሊትር ነው። ጭሱም ከበሩ ሥር ቆመው የሚጠብቁትን ሠራተኞች ሳንባ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ቆሞ መሥራት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ዓባይ በረሃን ከድልድዩ ወደ ደጀን ሙሉ ጭነህ ወጥተህ ወዲያው ካቆምክ፣ ተርቦው ግሏልና ከማጥፋትህ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተወው። ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

አዲሱን ዘይት ከሞላህ በኋላ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ለካ። ደልዳላ ቦታ አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፤ ዘንጉን ጠርገህ መልሰህ አስገባና አውጥተህ እይ፤ አሽትተውም። ማሞቁንና ቆሞ ማሠራቱን ትተህ ዘይቱ ካልጨመረ ጥፋቱ እሱ ነበር። አሁንም ከጨመረ ግን ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎች ወጥተው በመፈተኛ ማሽን ይታዩ፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ወይም ከቴስታታው ክዳን ሥር የሚያፈስ የናፍጣ መመለሻ መስመር ይኖራል። ኖዝሎቹ ከወጡ ከሥራቸው ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች (የማሸጊያ ቀለበቶች) በአዲስ አስቀይር። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ሮንዴላው ሲያሳልፍ ጥላሸት ዘይቱ ውስጥ ይገባና ከታች የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። የዘይት መብራት መንገድ ላይ ቢበራብህ ጋራዥ እስክደርስ አትበል፤ ዳር ይዘህ አጥፋና በገመድ አስጎትተው።