«ትለምደዋለህ» ሲሉህ የሚለምደው ምንህ ነው?

ጥያቄ፦ «22 ዓመቴ ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመኪና ቦዲና ቀለም ተምሬ ዘንድሮ ጨረስኩ። ሁለት ጋራዦች ሊቀጥሩኝ ፈልገዋል። አንዱ ኦቨን (መኪና የሚቀባበትና የሚደርቅበት ዝግ ክፍል) ያለው ትልቅ ጋራዥ ነው፤ የምገባው በረዳትነት ነው። ሌላው ሰፈራችን ያለ ትንሽ ጋራዥ ነው። ደመወዙ በ3 ሺህ ብር ይበልጣል፣ ወዲያውም ቀለም መርጨት እጀምራለሁ። እዚያ ሦስት ቀን ሞክሬ ማታ ማታ ራሴን አመመኝ። ባለቤቱ «ትለምደዋለህ» አለኝ። እናቴ ግን 25 ዓመት ቀለም የሠራውን አጎቴን እያሳየች ሙያውን ተው ትለኛለች። አጎቴ አሁን ነገር ይረሳል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሰውየው አልዋሸህም። ትለምደዋለህ። ጥቂት ሳምንት ከቆየህ ሽታው አይሰማህም፤ ራስ ምታቱም ሊቀንስልህ ይችላል። የሚለምደው ግን አፍንጫህ ነው። ነርቭህ ጉዳቱን አይለምደውም።

ቀለሙ የሚቀጥንበት ቲነር ሥራው ማሟሟት ነው፤ ቀለምም ቅባትም ያሟሟል። አንጎላችንና የነርቮቻችን ሽፋን ደግሞ ብዙ ቅባት አለባቸው። ትነቱን ስትስበው ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ያመመህ ራስ ምታት ይኸው ነው፤ ቀለል ያለ ስካር በለው። ማስቲሽ የሚስቡ የጎዳና ልጆች አይተህ የለ? እነሱ ከላስቲክ የሚስቡትን አንተ ከክፍሉ አየር ትስበዋለህ። መጠኑ ይለያያል እንጂ ዘሩ አንድ ነው።

ስካሩስ ሲያድር ይለቃል። ክፉው ለዓመታት ሲደጋገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የስካንዲኔቪያ ሐኪሞች ረጅም ዘመን በሠሩ ቀለም ቀቢዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ማየት ጀመሩ፦ መርሳት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ድካም፣ ብስጭት። ዴንማርክ በ1976 ከሥራ የሚመጣ በሽታ ነው ብላ ተቀበለችው። «የቀለም ቀቢዎች በሽታ» ተባለ። ሥራውን ካቆሙ በኋላ እንኳ ብዙዎቹ ወደ ድሮው አልተመለሱም። በኋላ እነዚያ አገሮች ለቤት ቀለም በውሃ ወደሚቀጥነው ዞሩ።

አጎትህን ይኼ ነው ያመመው ብዬ አልፈርድም። መርሳት ብዙ ምክንያት አለው። ሐኪም ጋ ሲሄድ ግን ስንት ዓመት ምን ሲሠራ እንደኖረ ይናገር። እኛ የሚያመንን እንጂ የምንሠራውን የመናገር ልማድ የለንም፤ ሐኪሙም ወረፋው ረጅም ነውና ላይጠይቅ ይችላል።

ሙያውን ተው ግን አልልህም። ጥሩ የመኪና ቀለም ሠራተኛ ሥራ አያጣም። ቦታውን ነው የምትመርጠው።

አምና አንድ ተማሪዬ ሊቀጠርበት ወደነበረ ጋራዥ አብሬው ሄድኩ። የሚረጨው ልጅ ማስክ አድርጓል፤ ያቺኑ የኮቪድ ጊዜ ሰማያዊ ማስክ። ሲጨርስ አወለቃትና የሚረጭበትን ሽጉጥ ማጠብ ጀመረ። ቲነሩ ያለው በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ነው። በዚያው ቲነር እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ በጨርቅ አደረቀና ከፌስታል ዳቦ አወጣ። አጠገቡ ወተት አለ። «ወተቱ ያጥበዋል» አለኝ ኮራ ብሎ።

አያጥበውም። ትነቱ የገባው በሳንባ ነው፣ ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ። የት ይገናኛሉ? ወተት ጠጣ፣ ምግብ ነው። ቀጣሪ በማስክ ፈንታ ወተት ሲያድል ግን ርካሹን መርጦ ነው። ሰማያዊዋ ማስክም ትነት አትይዝም። ትነት የሚይዘው የከሰል ካርትሬጅ (የሚቀየር ማጣሪያ) የሚገጠምለት ነው፤ ለዚያውም ፊትህ ላይ ከገጠመ። ጢም ካሳደግክ በጎን ያስገባል። ካርትሬጁም ይሞላል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያድር እንኳ የክፍሉን ትነት መጠጣቱን አይተውም፤ ስለዚህ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ይደር። ሽጉጥ ስታጥብም አታውልቀው። እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ቲነር በቆዳም ይገባል። ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠነክር ቅልቅል) ያለባቸው ቀለሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፣ አስም ሊያመጡ ይችላሉ። ለእነሱ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣው ማስክ ነው የሚያስፈልገው።

እንግዲህ ትልቁን ጋራዥ ሂድና እይ። ኦቨን አለ ማለት ፋኑ ይሠራል ማለት አይደለም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ አየር መሳቢያው ታች ነው ወይስ ጣሪያ ላይ ብቻ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያስነሳው ኮምፕሬሰሩን ብቻ ነው ወይስ ፋኑንም? ይህቺን ጥያቄ እወዳታለሁ፤ መልሱ ብዙ ነገር ያሳያል። ስትጠይቅ አትፈር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብና የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል።

ከገባህ በኋላ አንድ ደብተር ያዝ። ራስህን ያመመህን ቀን ጻፍ። እሑድ ለቆህ ሰኞ የሚመለስ ራስ ምታት ከሥራው ነው ብለህ ጠርጥር። ቤተሰብህ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቆጣው?» ካሉህም ጻፈው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው። የእግር ወይም የእጅ ጣት መደንዘዝ ከጀመረህ ግን ደብተሩን ይዘህ ወደ ሐኪም። በአንዳንድ ማስቲሽና ማጽጃ ውስጥ ያለ ሄክሴን የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ነጠላ ጫማ በማስቲሽ የሚያጣብቁ ሠራተኞችን እጅና እግር ያደነዘዘው እሱ ነው። ክፋቱ፣ ከሥራው ከወጡ በኋላም ለወራት እየባሰ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «እስኪ ትንሽ ልየው» አይባልም።

የሰፈሩን ጋራዥ እምቢ ከማለትህ በፊት ግን አንዴ ተመለስና አነጋግረው። ፋን ያስገጥም፣ ባለካርትሬጅ ማስክ ይግዛ፣ ሃርድነር ላለው ቀለም ደግሞ ባለቱቦውን። እሺ ካለ የሥራ ውሉን ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። አሁንም «ትለምደዋለህ» ካለህ ትልቁ ጋራዥ በረዳትነት ግባ።