ዕጩው ለሳይንስ የገባው ቃል እንዴት ይመዘናል?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ «የምርምር በጀቱን እጥፍ አደርጋለሁ» ሲል ምን ያህል እንመነው ብለው ለጠየቁት፦ መጀመሪያ ቃሉ በማን እጅ እንደሚፈጸም ይዩ። ገንዘብ የሚመድበው ኮንግረስ ነው። ትራምፕ በ2017 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩቶችን በጀት በቢሊዮኖች ለመቀነስ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ኮንግረስ ግን 3 ቢሊዮን ዶላር ጨምሮ 37 ቢሊዮን ገደማ አደረሰው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሕግ የተፈቀደውን ጣሪያና በእርግጥ የተመደበውን ገንዘብ ሲያምታታ ነው። የ2022ቱ የቺፕስና ሳይንስ ሕግ ለብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለ2024 በጀት ዓመት 15.6 ቢሊዮን ገደማ ፈቅዶ ነበር፤ የተሰጠው ወደ 9 ቢሊዮን ብቻ ነው። የወጣት ተመራማሪዎች ደመወዝ የሚከፈለው ከሁለተኛው ስለሆነ ልዩነቱ በጣም ያሳስበኛል። ዕጩው የሚጠራው የትኛውን ቁጥር እንደሆነ ይጠይቁ።

በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ የሚሆንም አለ። ኦባማ በማርች 2009 ከሽል በሚገኙ ስቴም ሴሎች (ወደ ሌሎች የሰውነት ሴሎች ሊለወጡ በሚችሉ ሴሎች) ላይ ለሚደረግ ምርምር የፌዴራል ገንዘብ የሚገድበውን ደንብ በትእዛዝ አነሱ፤ ሽል ለሚያጠፋ ምርምር የፌዴራል ገንዘብ እንዳይወጣ ኮንግረስ ከ1996 ጀምሮ የጣለው ክልከላ ግን አልተነካም። በፊርማ የመጣው በፊርማ ይሻራል፦ አሜሪካ ከፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት በ2020 ወጣች፣ በ2021 ተመለሰች፣ በጃንዋሪ 2025 ዳግም የመውጫ ትእዛዝ ተፈረመ።