እምቢ ብላችሁ ማደር ትችላላችሁ?

ውድ ልጆቼ፤

በጥብቅና ሙያ ያረጀ ሰው ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ በዴሞክራሲ የሚኖር ዜጋ በእርግጥ ነጻ ነው ወይስ ነጻ ነህ ስለተባለ ብቻ ነው የሚል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ግማሾቹ ምርጫ አለ፣ ሕገ መንግሥት አለ፣ ጋዜጣው የፈለገውን ይጽፋል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ሁሉም ማስመሰል ነው፣ የሚገዛው ገንዘብ ነው ብለው ይዘጉታል። ሁለቱም መልሶች የስንፍና መልሶች ይመስሉኛል፤ ሁለቱም ከማሰብ ያሳርፋሉ።

እኔ በበኩሌ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በእናንተ ላይ ሥልጣን ያለውን ሰው እምቢ ብላችሁ፣ በማግስቱ ኑሯችሁ ሳይናጋ ማደር ትችላላችሁ? ሥልጣን ያለው ስል ሚኒስትርና ፖሊስ ብቻ አይምሰላችሁ። ደመወዝ የሚከፍላችሁም፣ ቤት የሚያከራያችሁም፣ ያበደራችሁም በዚህ ውስጥ አለ።

ይህን መመዘኛ የወሰድኩት ከራሱ ከምርጫ ታሪክ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በብሪታንያ እስከ 1872 ድረስ ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነበር። መራጩ ሕዝብ በተሰበሰበበት ወደ መድረኩ ይቀርባል፤ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጸሐፊው በመራጩ ስም አንጻር ያሰፍረዋል። መዝገቡ በብዙ ቦታ ታትሞ ይሸጥ ስለነበር ማን ማንን እንደመረጠ ማወቅ የፈለገ ሁሉ ገዝቶ ያነበዋል። እንግዲህ መሬት ተከራይቶ የሚያርስ አንድ ገበሬ እዚያ መድረክ ላይ ሲቆም ባለመሬቱ ወይም የባለመሬቱ ወኪል ከፊቱ ቆሞ ይሰማዋል። በዌልስ በ1868 ምርጫ ባለመሬቶቻቸው ከሚደግፉት ዕጩ ሌላ የመረጡ ገበሬዎች ከእርሻቸው ተነቅለዋል። ልብ በሉ፤ መብታቸውን የሰረዘው ማንም አልነበረም። ሕጉ ምረጡ ብሏቸዋል፤ መርጠዋል፤ ተባረዋል።

የ1872ቱ ሕግ ያመጣው ነገር ሲያዩት ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፦ የታተመ ወረቀት፣ ከሰው ዓይን የተከለለ መጻፊያ፣ የታሸገ ሳጥን። የአውስትራሊያዎቹ ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ ቀደም ብለው በ1856 ጀምረውታል። ቺሊ ግን እጅግ ዘግይታለች። እዚያ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚያሳትሙት ፓርቲዎቹ ራሳቸው ስለነበሩ ባለርስቱ ሠራተኞቹን የፈለገውን ወረቀት አስይዞ መላክ ይችል ነበር። በ1958 መንግሥት ሁሉንም ዕጩዎች የያዘ አንድ ወረቀት ማተም ሲጀምር የባለርስቶቹ የድምፅ ቁጥጥር ላላ። ለእነዚያ ሠራተኞች አዲስ መብት የሰጣቸው የለም። የጌታቸው ዓይን ብቻ ነው ከላያቸው የተነሣው።

በሙያዬ ብዙ የሕግ አንቀጾችን አንብቤአለሁ፤ የዚያን ከለላ ያህል የማከብረው ግን የለም። ነጻነት የሚገኘው መብቱ ከተጻፈበት ገጽ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዌልሱ ገበሬ ነጻ ነበር።

ይህን ይዛችሁ ዛሬን ተመልከቱ። ከለላው ያለው በምርጫ ጣቢያ ነው፤ ከጣቢያው ስትወጡ የለም። በአሜሪካ ከሞንታና በስተቀር በሁሉም ግዛቶች መነሻው ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን ምክንያት ሳይሰጥ ማሰናበት ይችላል የሚል ነው። ሕግ የከለከላቸው ምክንያቶች አሉ፤ ዘር፣ ጾታ፣ ሃይማኖትና ሌሎችም። ከእነዚያ ውጪ ግን ፕሬዚዳንቱን በአደባባይ መዝለፍ የሚችለው ዜጋ የክፍል ኃላፊውን ተሳስተሃል ለማለት ሦስት ጊዜ ያስባል። የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጅ አለው፣ የሕክምና መድኑም በሥራው በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ባሪያ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለው ማጋነን በእውነት ባሪያ የነበሩትን ሰዎች መከራ ያቃልላል። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው የሚለኝንም ግን አላምነውም።

መንግሥትም ቢሆን ዓይኑን መልሶ በዜጋው ላይ የሚጥልበት መንገድ አያጣም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ተቋም የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ ይሰበስብ እንደነበር በ2013 የተቋሙ የኮንትራት ሠራተኛ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣቸው ሰነዶች ታወቀ። ያ የጅምላ ስብሰባ በ2015 በወጣ ሕግ ቆሟል። ዴሞክራሲ ማስመሰል ነው የምትሉት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ።

ብዙኃኑ ራሱስ? ስዊዘርላንድ ሕዝብን በቀጥታ በማስወሰን የምትመሰገን አገር ናት። በ1959 ሴቶች በፌዴራል ደረጃ ይምረጡ ወይ የሚል ጥያቄ ለወንዶቹ ቀረበ፤ ከሦስት ሁለት እጅ የሚሆኑት አይሆንም አሉ። የተፈቀደው በ1971 ነው። አፔንዘል ኢነርሮደን በምትባለው ካንቶን (የአገሪቱ አንድ ክልል) ደግሞ ወንዶቹ በአደባባይ ተሰብስበው እጅ እያወጡ ሴቶች በካንቶኑ ጉዳዮች እንዳይመርጡ እስከ 1990 ድረስ ሲከለክሉ ቆይተው፣ በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ነው ያስገደዳቸው። ድምፅ በትክክል ተቆጥሯል፣ ማንም አላጭበረበረም፤ ከሕዝቡ ግማሹ ግን የሌላው ግማሽ በጎ ፈቃድ ጠባቂ ነበር። እዚህ ላይ ነጻ ያወጣው የብዙኃኑን ውሳኔ የሻረ ፍርድ ቤት ነው። ዴሞክራሲ ማለት የብዙኃኑ ፈቃድ ብቻ ነው ለሚላችሁ ይህን ንገሩት።

ፍርድ ቤት ስል ደግሞ አንድ መዝገብ ትዝ ይለኛል፤ ለወጣት ጠበቆች ሁሉ የምነግራቸው ነው። ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን የተባለ ድሃ ሰው በ1961 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የቢሊያርድ ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ መቅጠሪያ የለኝምና ይቁምልኝ ሲል ዳኛው በግዛቱ ሕግ መሠረት ጠበቃ የሚቆመው በሞት ለሚያስቀጣ ክስ ብቻ ነው አሉት። ራሱ ተከራከረ፤ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1963 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባ ነበር ብለው ወሰኑ። ጉዳዩ እንደገና ተሰማ። ዳኛው ያው፣ ዋናው ምስክርም ያው ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ የሚያፋጥጥ ጠበቃ ነበረ፤ ጊዲዮን በነጻ ተለቀቀ። የመከራከር መብት ከመጀመሪያውም ነበረው። ያጣው የሚከራከርለት ሰው ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ነጻ ነን ወይ ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁ። የትኛው ሰው ያለ ምክንያት ሊጎዳኝ ይችላል፣ ቢጎዳኝስ የት አቤት እላለሁ፣ አቤት ስል አብሮኝ የሚቆም አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በየሰዉ ይለያያል፤ ጥሪት ያለው እምቢ ማለት የሚቀለው ለዚህ ነው። ብቻውን የቆመ ሠራተኛ የማይችለውን በማኅበር የተደራጀው የሚችለውም ለዚሁ ነው። ማኅበር መግባት አሰልቺ ነው፤ ስብሰባው ይረዝማል፤ መዋጮ አለ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ይጠፋል። ቢሆንም ግቡ፤ ቃለ ጉባኤውንም ያዙ።

በ1819 ጸሐፊና ፖለቲከኛው ቤንጃመን ኮንስታንት በፓሪስ ባደረገው ንግግር የጥንት ሰዎች ነጻነት በአገር ጉዳይ መካፈል፣ የዘመናዊው ሰው ነጻነት ደግሞ በግል ኑሮው ሰላም ማግኘት ነው ብሎ ነበር። አደጋውንም አብሮ ተናግሯል፤ በግል ኑሮው የተጠመደ ሰው የሥልጣን ድርሻውን በቀላሉ አሳልፎ ይሰጣል። እኔ ሰውን በግል ኑሮው አልወቅሰውም፤ ደክሞት የሚገባ ሰው ማረፍ አለበት። ነገር ግን በወር አንድ ምሽት ለጋራ ጉዳይ ያልተረፈው ሰው፣ ያን ምሽት ማን እንደወሰደበት ቢመረምር ደግ ነው።

አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል ለምትሉ ደግሞ ጥቂት ልበል። የምስጢር ከለላው የሚሸፍነው ማንን እንደመረጣችሁ ነው፤ መምጣት አለመምጣታችሁን አይሸፍንም። በብሪታንያ ለምሳሌ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ስም ምልክት የተደረገበትን መዝገብ ፓርቲዎች ከምርጫ በኋላ ማግኘት ይችላሉ። የማይመጡት እነማን እንደሆኑ ካወቁ ለቀጣዩ ምርጫ ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን በእነሱ ላይ አያባክኑም። በየትም አገር ብትሆኑ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ስማችሁ በትክክል መስፈሩን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ስህተት ብታገኙ ማረሚያ የሚጠየቅበት ጊዜ አጭር ነውና ለማግስቱ አታሳድሩት።