ጎሚስታውን እንግዛ ወይስ ይቆየን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ስድስት ሆነን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመን ከሁለት ዓመት በፊት መብራት ኃይል አካባቢ ዳቦ ቤት ገዛን። ዘንድሮ ላውንደሪ ጨመርን። ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ። ስንጀምር የተስማማነው የገዛነውን ይዘን ልናሳድግ ነበር። አሁን አንዱ ባለድርሻ «ዳቦ ቤቱን ሸጠን ቦታ እንግዛ» ይላል፣ ሁለቱ ደግሞ «ትርፉን እንካፈል» ይላሉ። በዚህ መሀል ፍራንኮ አካባቢ ጎሚስታ ያላቸው አንድ አዛውንት፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ስለሆኑ ሥራውን ግዙኝ አሉን። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ባለድርሻዎቹ ጽፈሻል፣ ስለ ጎሚስታው ጽፈሻል። ዳቦውን ስለሚጋግረው ሰው ግን አንድም ቃል የለም። ከዚያ ልጀምር።

የዛሬ ስንት ዓመት ከወንድሜ ጋር እዚሁ አዳማ ወፍጮ ቤት ገዝተን ነበር። ሞተሩን አየን፣ ቆጣሪውን አየን፣ ሒሳቡን አገላበጥን። በገባን በሁለተኛው ወር ደሞዙ በዛ ብለን የቆየውን ፈጪ አሰናበትነው። ለካ ድንጋዩን የሚወቅረው እሱ ነበር። በስንት ቀኑ እንደሚወቀር፣ ለጤፍ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት እጁ ያውቀዋል። አዲሱ ልጅ ሲፈጭ ዱቄቱ እንደ እሳት እየፋጀ ይወጣል፣ በጣት ሲያሹት ይሻክራል። አንድ ቀን አንዲት እናት የጋገሩትን እንጀራ ጠቅልለው ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ፤ ዓይን አላወጣም። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ማዶ ነው የማስፈጨው፣ እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው» ብለውኝ ሄዱ። ሰውየውን ለምነን መለስነው። ደንበኛው እስኪመለስ ግን ዓመት ፈጀ።

ጎሚስታውንም በዚህ ዓይን እዪው። አዳማ የጅቡቲ መስመር ላይ ናት፣ ከባድ መኪና አያልቅባትም፣ ስለዚህ ገበያው ብዙም አያሳስበኝም። ሾፌሩ እዚያ የሚቆመው ማንን ብሎ ነው? አዛውንቱን ብሎ ከሆነ እሳቸው የወጡ ዕለት የሚተርፋችሁ ኮምፕሬሰርና ክሪክ ነው። እናም ከመዋዋልሽ በፊት አንድ ሳምንት እዚያ ተቀመጪ፣ በርጩማ ይዘሽ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ። የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው የሚያወጣው ልጅ የትኛው ነው? ደሞዝተኛ ነው ወይስ በፐርሰንት ነው የሚሠራው? የዱቤ ደብተሩ ላይ ያሉት ባለመኪኖች በጊዜው ይከፍላሉ? ቤቱ ኪራይ ከሆነስ አከራዩ ከእናንተ ጋር ይዋዋላል?

ብዙ ገዢ የሚዘነጋውን አንድ ነገር ልንገርሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅቱ ባለቤትነት ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍም የሠራተኛው የሥራ ውል አይቋረጥም። እዚያ 15 ዓመት የሠራ ልጅ 15 ዓመቱን ይዞ ነው ወደ እናንተ የሚመጣው። ዋጋ ስትነጋገሩ ይሄም ይታሰብ። የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳየውን ክሊራንስ ሳታዪ ደግሞ ብር እንዳትቆጥሪ። አዛውንቱ ቢያንስ አንድ ዓመት አብረዋችሁ እንዲቆዩ ለምኛቸው፣ ከዋጋውም ከፊሉ ያኔ የሚከፈል ይሁን።

ቦታ እንግዛ ለሚለው ባለድርሻ ይህን ንገሪው። የአሜሪካዊው ባለሀብት የዋረን በፌት ኩባንያ በርክሻየር ሃታዌይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ሲስ የተባለውን ከረሜላ አምራች በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ቤቱን ጠንቅቆ የሚያውቀውን ቸክ ሃጊንስን ኃላፊ አደረጉት፣ እሱም ከ30 ዓመት በላይ መራው። ከከረሜላው የተገኘው ትርፍ ደግሞ ሌላ ሌላ ሥራ መግዣ ሆነ። እዚያው በርክሻየር ግን የተነሳበትን የጨርቃ ጨርቅ ሥራ 20 ዓመት ታግሎበት አልሆን ሲለው በ1985 ዘግቶታል። ስለዚህ የእናንተ ዳቦ ቤት የትኛውን ይመስላል? የዱቄቱን፣ የመብራቱንና የኪራዩን ከፍሎ የሚተርፈው ካለ መሸጡ አይታየኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌላ ኪስ እየደጎማችሁት ከሆነ ግን ሰውየው እውነት አለው፣ ስሚው።

ትርፍ እንካፈል የሚሉትም አይፈረድባቸውም፣ ገንዘባቸውን አስገብተው ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ለጥገና፣ ለጄኔሬተርና ለክፉ ቀን ይህን ያህል ይቀመጣል፣ ከቀሪው ይህን ያህል በዓመት አንዴ ይከፈላል ብላችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት። መውጣት የሚፈልግ ሰው ድርሻውን በምን ስሌት እንደሚሸጥላችሁም አሁኑኑ ጻፉት፣ ሳትጣሉ።

ላውንደሪው ገና ዓመት አልሞላውም። እኔ ብሆን አዛውንቱን ጥቂት ወር ይታገሱን እላቸው ነበር፣ እየሄድኩም ቡና አብሬያቸው እጠጣ ነበር። ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ግን ዳቦ ቤቱ ሂጂ፣ ጋጋሪው ሊጡን ሲያነሳ ድረሺ። ምን እንደሚያስቸግረው ጠይቂውና የሚልሽን ጻፊልኝ።