ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት ቆዳውን እዩት

ኦርቶፔዲክስ (የአጥንት ቀዶ ሕክምና) ለምትማሩ ልጆች ነው የምጽፈው፤ በተለይ ጥቁር አንበሳ ተረኛ ሆናችሁ ለምታነጉት። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። የእግር የኋላ ክፍል፣ የተረከዝ አካባቢ መገጣጠሚያዎችን አንድ አጥንት እንዲሆኑ ስናጣብቅ በየት በኩል እንክፈት? በውጭም በውስጥም ነው ወይስ በውስጥ ብቻ?

እኔ መጀመሪያ ቆዳውን ነው የማየው።

ሰብታላር (ታለስ፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ሥር ያለው አጥንት፣ ከተረከዝ አጥንት የሚገናኝበት)፣ ታሎናቪኩላር (ታለስ ከፊቱ ካለው አጥንት የሚገናኝበት) እና ካልካኒዮኩቦይድ (የተረከዝ አጥንት በውጭ በኩል ከፊቱ ካለው አጥንት የሚገናኝበት) የሚባሉትን ሦስት መገጣጠሚያዎች አንድ ላይ ማጣበቅ ከቀዶ ሐኪሙ ራየርሰን ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ1923 ወዲህ ያለ ነገር ነው። የተለመደው አሠራር በውጭ አንድ፣ በውስጥ አንድ መክፈት ነው። እኔም አብዛኛውን ጊዜ ይሄንን እመርጣለሁ። በእግሩ ውጭ በኩል የሚያልፈውን የሱራል ነርቭን ተጠንቀቁ እንጂ መገጣጠሚያዎቹ በደንብ ይታያሉ። ካርቲሌጁ (የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው ልስልስ አካል) ተፍቆ ደም የሚያወጣው አጥንት ላይ ካልተደረሰ ደግሞ የትኛውም ብሎን አያድናችሁም።

ግን እግሩ ክፉኛ ጠፍጣፋ ሆኖ ተረከዙ ወደ ውጭ የዞረ ሰው አለ። የውጭ በኩል ቆዳው ለዓመታት ተኮማትሮ ስለኖረ እግሩን ስታቃኑት ይወጠራል፣ እዚያው ላይ ከከፈታችሁ ቁስሉ አልገጥም ይላል፣ ስኳር ካለበት ወይም ለሩማቶይድ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ለዚህ ሰው በውስጥ በኩል ብቻ ግቡ። ካልካኒዮኩቦይድ ከዚያ ይርቃል፤ ካልታመመ ተዉት፣ ሁለቱ ይበቃሉ። ለታለስ ደም የሚያደርሰውን በውስጥ በኩል ያለውን ዴልቶይድ የሚባል የደም ሥር ቅርንጫፍ ግን አደራ።

ከገጠር የሚመጡልን፣ ቆልማማ እግራቸው ሳይታከም ያደጉ ልጆች ተቃራኒ ናቸው። እነሱ ላይ ያጠረው የውስጡ ቆዳ ነው። ከውጭ በኩል ገብታችሁ አጥንቱን በሽብልቅ ቅርጽ ቆርጣችሁ አውጡ። የውስጡን ቆዳ በግድ አትወጥሩት።

አርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መሥራት) ያጓጓችኋል፣ አልፈርድባችሁም። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ደም ሥርም ይተርፋል። ቅርጹ ብዙ ላልተበላሸ ሰብታላር በጣም ጥሩ ነው። ግን ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ተረከዙ የተሰበረ የግንባታ ሠራተኛ፣ ተረከዙ ቁመቱን አጥቶ ከገጠመ፣ ካርቲሌጁን በካሜራ መፋቅ ብቻ ምን ያደርግለታል? ቁመቱን የሚመልስለት መሃል የሚገባ አጥንት ነው፣ ለዚያ ደግሞ መክፈት አለባችሁ።

በየትኛውም በኩል ብትገቡ ለሰውየው እውነቱን ንገሩት። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ተረከዙ ግን እንደ ድሮው ወደ ጎንና ጎን አይልም። ፒያሳ አካባቢ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ፣ ያልተስተካከለ መሬት ሲረግጥ ይታወቀዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ አጥንቱ ላይያያዝ ይችላል፤ ቀጠሮ ከመስጠታችሁ በፊት እንዲያቆም ወጥራችሁ ያዙት። ቤቱንም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ 6 ሳምንት ያህል በጀሶ ሆኖ መሬት አይረግጥም፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ከሆነ ሊፍት ላይኖር ይችላል፣ በክራንች ማን ደግፎ እንደሚያወጣው ከኦፕሬሽኑ በፊት ይታወቅ።